ላም በዋለበትና ባልዋለበት

ስለ ቃላት ምንጭ የሚጻፈው ጽሑፍ በሀገራችን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መሄዱ ደስ ከሚያሰኛቸው ወገን ነን። ቋንቋውን የሚወድ ሰው የቃሉን አባትና አያት ለማወቅ መሻቱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ዐይነቱ ጽሑፍ ላይ እየተደጋገመ የሚታይ አንድ ጕድለት አለ፤ ይኸውም ጸሐፊው ሁለት ቃላት በድምፅ መመሳሰላቸውን የሰማ እንደ ሆነ፥ ሌላ ምርመራ ሳያሻው፥ ዝምድናቸውን ማወጁ ነው። አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚስማማ ምሳሌ ትተውልናል፤ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላሉ። ምሳሌውን ከተዋስን አይቀር ምርመራችንንም በዚህችው «ላም» በተባለችው አጭር ቃል ላይ ብናደርገው የሚሻል መሰለን።

ነገሩ የጨዋታ ማድመቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልነካነው ነበር። ነገር ግን ዛሬ በሻይ ቤት የተነገረው የቃል ምንጭ ነገ በመምህሩ እጅ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከነገ ወዲያም ተማሪው በፈተና ወረቀቱ ላይ ይመልሰዋል። ከውጭ ቋንቋ የሚተረጕመው ጸሐፊም፥ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ዐዲስ ስም የሚያወጣው ሹምም ቃል ሲቸግራቸው የሚደገፉት በዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ላሟ ያልዋለችበትን መስክ እንመልከት። እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ «ላምብ» የበግ ግልገል መሆኑን ያውቃል፤ ቃሉ የጀርመንኛና የሆላንድኛ ዘመድ ነው እንጂ ከእኛ ከብት ጋራ በአንድ በረት አድሮ አያውቅም። በፔሩ ተራሮች ላይ ጭነት የሚሸከመው «ላማ» የተባለው እንስሳ ስሙን ያገኘው ከኬችዋ ቋንቋ ነው። የቲቤት መነኵሴ የሚጠራበት «ላማ» ደግሞ በዚያው በቲቤት ቋንቋ መምህር ማለት ነው። በፈረንሳይኛ «ላም» ተብሎ የሚነበበው ቃል የቢላዋና የምላጭ ስለት ሲሆን፥ ነፍስ የምትባለውም ቃል በስም ፊት የሚገባውን ፊደል ጨምረው ሲናገሯት እንዲሁ «ላም» ተብላ ትሰማለች፤ ስለትና ነፍስ በአንድ ድምፅ መገናኘታቸው ለባለ ቅኔ ሰም ለወርቅ ይሆነው ይሆናል። የብረት ሠራተኞቻችን በየቀኑ የሚጠሩት «ላሜራ»ም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ከፈረንሳዩ ስለት ጋራ በላቲን በኩል ይዛመዳል፤ ከላማችን ጋራ ግን ምንም የለውም።

ከሩቅ ሳንሄድ፥ በኦሮምኛ «ለማ» ሁለት ማለት ነው። ላም ግን በኦሮምኛ «ሰኣ»፥ በሶማልኛ «ሰዕ»፥ በዐፋርኛ «ሳጋ» ትባላለች። ሦስቱ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ግልጽ ነው፤ የኵሽ ቋንቋዎችም ለዚች ከብት የራሳቸው የሆነ የቈየ ስም ያላቸው መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ አንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ በገበያ ላይ «ለማ» ሲል ሰምቶ «ላም አለው» ብሎ የሚቀርብ ሰው የሚያገኘው ላም ሳይሆን ቍጥር ነው።

ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ በተናገረው ቃል ውስጥ የምትገኘው «ላማ» ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትለያለች። ትርጓሜዋ «ለምን» ነው። እርሷም ከከብቱ ጋራ አትገናኝም፤ ነገር ግን «ለ» እና «ማ» ከሚሉት የተሠራች ስለ ሆነች፥ «ለ» እና «ምን» ከሚሉት ከተሠራው ከእኛው «ለምን» ጋራ አንድ ዐይነት አሠራር አላት። በድምፅ የቀረበችን «ላም» ባዕድ ሆና በድምፅ የራቀችን «ለምን» ዘመድ ሆና መገኘቷ፥ ጆሮ ብቻውን ዳኛ ሊሆን የማይገባው ስለ ምን እንደ ሆነ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተው ግን የዐረብኛው ፊደል ነው። «ለ» በዐረብኛ «ላም»፥ በዕብራይስጥ «ላሜድ»፥ በእኛ «ላዊ» ይባላል። የጥንት ፊደላትን የመረመሩ ብዙዎች ሊቃውንት የዚህ ፊደል መልክ በመጀመሪያው ላይ የበሬ መንጃ በትር ነበረ ይላሉ። ይህን የሰማ ሰው «እነሆ! ፊደሉ ላም ይባላል፤ መልኩም የከብት መንጃ ነው፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» ቢል አንፈርድበትም። ዳሩ ግን በዕብራይስጥ የበሬ መንጃ «ማልማድ» ይባላል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 ሰሜጋር 600 ፍልስጥኤማውያንን የገደለበት መሣሪያ ይህ ነው። ማልማድ የወጣው ተማረ፥ ለመደ ከሚለው ግሥ ነው፤ ከብቱ በእርሱ ይለምዳልና። ስለዚህ የፊደሉ ዘመድ በእኛ ቋንቋ «ለመደ»፥ «ለማዳ»፥ «ለማጅ» የሚሉት ናቸው እንጂ «ላም» አይደለችም። ድምፁ አንድ ሆኖ፥ ነገሩም በከብት ዙሪያ ሆኖ፥ ዝምድና ግን የለም።

አሁን ደግሞ ላሟ ወደ ዋለችበት መስክ እንሂድ። የአማርኛው «ላም» ከግእዙ «ላህም» ጋራ አንድ ነው። በመካከል የነበረው የጕሮሮ ድምፅ ከሰው አፍ ወጥቶ ጠፋ፤ ይህም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በግእዝ «ጽሕም» የነበረው በአማርኛ «ጢም» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። በሐረሪና በስልጥኛም «ላም» ትባላለች፤ በቸሃ ግን «ለ» ወደ «ረ» ተለውጧል። ትግርኛ ድምፁን ስለ ጠበቀ «ላሕሚ» ይላል። አንድ ልዩነት ብቻ እናስታውስ፤ በግእዝ «ላህም» በሬንም ላምንም የሚጠራ ሲሆን፥ አማርኛ ወንዱን ለ«በሬ» ትቶ ስሙን ለሴቲቱ ብቻ አውርሷታል። እዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚጀምረው ቀይ ባሕርን ስንሻገር ነው። በዐረብኛ «ላሕም» ሥጋ ነው። በዕብራይስጥ «ሌሔም»፥ በሱርስጥም «ላሕማ» እንጀራ ነው። አንዲት የሦስት ፊደል ሥር በአንዱ ሀገር በማጀት ውስጥ ተጋግራ፥ በሁለተኛው በሥጋ ቤት ተሰቅላ፥ በሦስተኛው በመስክ ላይ በአራት እግሯ ቆማ ተገኘች ማለት ነው። የሴም ቋንቋዎችን ከመረመሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ የሚሰጡት መፍቻ የመጀመሪያው ትርጓሜ «ዋነኛ ምግብ» ነበረ የሚል ነው፤ እህል አራሹ ለእንጀራው፥ ግመልና በግ አርቢው ለሥጋው፥ ከብት አርቢው ለላሙ ስሙን ሰጠ ይላሉ።

ይህ ማስረጃ የሌለው ግምት እንዳይመስል ሁለት ነገሮችን እንጥቀስ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 14 ሳኦል ሕዝቡን «ሌሔም» እስከ ማታ የሚቀምስ ርጉም ይሁን ብሎ አማለ። መሐላውን ያልሰማው ልጁ ዮናታን በዱር ውስጥ በበትሩ ጫፍ ጥቂት ማር ቀመሰ፤ በዚህም መሐላው እንደ ፈረሰ ተቈጠረና ለሞት ተቃረበ። ማር እንጀራ አይደለም። እንግዲያው ቃሉ በዚያ ቦታ ምግብን ሁሉ የሚያጠቃልል ነበረ ማለት ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 3ም በመሠዊያው ላይ የሚቃጠለው የመሥዋዕቱ ስብ በዚሁ በ«ሌሔም» ስም ተጠርቷል።

ሁለተኛውን ከዐረብኛ እናገኘዋለን። በቍርኣን 16ኛ ምዕራፍ 14ኛ ቍጥር ላይ ከባሕር የሚገኘው ምግብ «ላሕም» ተብሎ ተጠርቷል። ከዚህም የተነሣ የእስልምና ሕግ ዐዋቂዎች «ላሕም አልበላም ብሎ የማለ ሰው ዓሣ ቢበላ መሐላውን ያፈርሳልን?» በማለት ተከራክረዋል። በሀገራችን በወሎም ተከታዮች ያሉት የሐነፊ ወገን አያፈርስም አለ፤ በመጽሐፍ ዓሣ ላሕም ቢባልም በሰዎች ልማድ ግን ላሕም ሲባል የሚታሰበው ዓሣ አይደለምና። ሌሎች ደግሞ ያፈርሳል ብለዋል። ምዕራፉ የንብ ምዕራፍ ተብሎ መጠራቱ የዮናታንን ማር ለሚያስታውስ ሰው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። እኛ ግን ከክርክሩ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ እነዚያ ሊቃውንት የቃሉን ሥር ጠንቅቀው እያወቁ፥ በሰው መሐላ ላይ ሊፈርዱ በተቀመጡ ጊዜ የጠየቁት ግን የገበያውን ልማድ ነበረ። ስለ ቃላት ምንጭ የሚጽፉት የዛሬ ጸሐፊዎቻችን ከዚህ ጥንቃቄ ጥቂት ቢወስዱ እንወድ ነበር።

በዚህ መፍቻ ላይ ሁሉም ሊቃውንት እንዳልተስማሙ መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ምክንያት የፊደል ነው፤ በግእዝ መጻሕፍት ቃሉ በሃሌታው «ሀ» «ላህም» ተብሎ ይጻፋል፥ የዐረብኛው ግን በሐመሩ «ሐ» ልክ ነው። ሆኖም ቈየት ያሉት የግእዝ ጸሐፊዎቻችን «ሀ» «ሐ» «ኀ»ን በድምፅ መለየት ከተዉ በኋላ እያለዋወጡ መጻፋቸው የታወቀ ነው፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ድረስ በሐመሩ «ሐ» «ላሕሚ» እያለ ይመሰክራል። ስለዚህ በበኩላችን የፊደሉ ክርክር ዝምድናውን ያፈርሳል ብለን አናምንም። ሌላው ምክንያት፥ ይኸው ሥር በዕብራይስጥ «ሚልሐማ» ጦርነት፥ በዐረብኛም «መልሐማ» ጽኑ ውጊያ፥ «ሊሓም» ደግሞ ብረትን ከብረት መበየድ የሚሉትን ማስገኘቱ ነው። እነዚህ ሁሉ ከምግብ ይወጣሉን ወይስ ሌላ አንድ መንትያ ሥር ነበረ? ነገሩን ወደ አንዱ ጐትተን ለማስገባት አንደክምም፤ ለላማችን የሚጠቅመው የምግቡ መንገድ ነው።

መንገዱ እውነተኛ ለመሆኑ የሚረዳን የላሟ ባል በሬው ነው። «በሬ» ከግእዙ «ብዕራይ» ወጣ። በዕብራይስጥ «ብዒር» በጠቅላላው የከብት ስም ነው፤ በዐረብኛ ግን «በዒር» ግመል ነው! የእኛ ገበሬ ያለ በሬ እርሻ እንደሌለው፥ የዐረቢያ ሰውም ያለ ግመል መንገድ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ የከብቱን ስም ለኑሮው ምሰሶ ሰጠው። ላምና በሬ በአንድ ዐይነት መንገድ መሄዳቸው፥ አንዱ ብቻውን ቢሆን የምንጠራጠረውን ነገር ያጸናልናል።

ዝምድና እርግጠኛ በሆነ ጊዜም ትርጓሜን ማበደር እንዴት አደገኛ እንደ ሆነ ለማሳየት ከዚሁ ከበረት ሳንወጣ አንድ ቍጥር እንጨምር። «አልፍ» የተባለው ፊደላችን ስሙ ከበሬ የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጥንታዊ መልኩም ቀንድ ያለው ራስ ነበረ። ከዚሁ ጋራ በድምፅ አንድ የሆነው የቍጥር ስም በዕብራይስጥ «ኤሌፍ»፥ በዐረብኛ «አልፍ» ሲባል 1,000 ነው፤ በግእዝ ግን «እልፍ» 10,000 ነው። ሴቶቹ ስለ ሳኦልና ስለ ዳዊት በዘፈኑት ዘፈን ውስጥ ዕብራይስጡ ለሳኦል የሰጠው «ኤሌፍ»ን ነው፤ ለዳዊት የሰጠው «ረቫቫ»ን ነው። የአማርኛው ተርጓሚ ለሳኦል «ሺህ»፥ ለዳዊት «እልፍ» አለ። ተርጓሚው ድምፅን ተከትሎ ቢሆን ኖሮ የዳዊትን ቍጥር ለሳኦል ሰጥቶት፥ የንጉሡ ቅናት ምክንያት የሌለው ሆኖ በቀረ ነበር።

አሁን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ወደሚሳቡበት ቃል እንምጣ፤ እርሱም «ቤተ ልሔም» ነው። ግእዝ የቀመሰ ሰው በስሙ ውስጥ «ላህም»ን መስማቱ አይቀርም፤ ሥዕሉም ያግዘዋል፤ ሕፃኑ በግርግም ተኝቶ፥ ላሟና አህያዋ ሲያሟሙቁት አይቶ አድጓልና። «ቤተ ልሔም ማለት የላም ቤት ነው» ማለት እንዲህ ባለ ጊዜ እንደ ውሃ የሚወርድ ትርጓሜ ነው። ዐረብኛ ተናጋሪውም ከተማይቱን «በይት ላሕም» እያለ በቋንቋው የሥጋ ቤት አድርጎ ሊሰማት ይችላል። ከተማይቱ ግን ስሟ በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ይህን ትርጓሜ የምናገኘው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ መሆኑ ነው። ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት፥ ከቤተ መቅደሱ ተለይቶ የሚሠራው ትንሽ ቤት ስሙ ቤተ ልሔም ነው። ስንዴውን የሚፈጨውና የሚጋግረው ዲያቆን የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አላየ ይሆናል፤ እጁ ግን በየሌሊቱ ትክክለኛውን ትርጓሜ ይሠራል። (በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም በድጓ ማስመስከሪያነቷ የታወቀች ናት፤ ስሟ ያው ነው፤ የምታበላው ግን ሌላ ምግብ ነው።) ኅብስቱስ ራሱ? በግእዝ «ኀበዘ» ጋገረ ማለት ነው፤ ዐረቡም እንጀራውን «ኹብዝ» ይለዋል። እኛና ዐረቦች በላሟ ተለያይተን በምጣዱ ላይ ተገናኘን ማለት ነው።

ጥሩ ተርጓሚ በዚህ ሁሉ መካከል እንዴት እንደሚሄድ ለማየት የሚፈልግ አቡነ ዘበሰማያትን ይመልከት። የዕለት ምግብ በሚለመንበት ቦታ ሱርስጡ «ላሕማ» ይላል። ግእዙ «ላህም»ን ሳይሆን «ሲሳይ»ን አስገባ፤ አማርኛውም «እንጀራ»ን። አንዱ ጸሎት በሦስት ልዩ ልዩ ሥሮች ተነገረ፤ ልመናው ግን አልተለወጠም። «እንጀራ»ም በበኩሉ የሌሔምን መንገድ እየሄደ ነው፤ ከምጣድ ተነሥቶ መተዳደሪያ ሁሉ ሆኗልና፤ ሥራ የሚሻ ሰው «እንጀራ ፍለጋ» ወጣ ይባላል፤ የአባት ሚስትም «እንጀራ እናት» ትባላለች። እዚህ ላይ ላሜ ቦራን አለማስታወስ አይቻልም። በተረቱ ውስጥ እናታቸው የሞተችባቸውን ልጆች የምታበላቸው ላሚቱ ናት፤ በእንጀራ ስም የምትጠራዋ እናት ግን ታመምሁ ብላ የላሚቱን ጉበት ትሻለች። ላም ለልጆቹ ሌሔም፥ ለእንጀራ እናታቸው ላሕም ሆነች ብንል ያላገባብ የተናገርን አይመስለንም።

ወደ ነቀፌታችን እንመለስ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ለብዙ ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጥ፥ ሱርስጥና ዐረብኛ አጥንተው ከግእዙ ጋራ እያስተያዩ መዝገበ ቃላታቸውን ደከሙበት፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከእርሳቸው በፊት ሉዶልፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1652 በጎታ አባ ጎርጎርዮስን እያስቀመጠ ይጠይቅ ነበረ፤ ዲልማን በ1865፥ ሌስላውም በ1987 የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። እንግዲህ የመመርመሪያ መሣሪያ አልጐደለንም። በመጽሔትና በጋዜጣ የሚወጣው የቃል ምንጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን እንኳ የገለጠ ሰው ሥራ አይመስልም። ጸሐፊው ወይ የዓለሙ ቃል ሁሉ ከግእዝ ወጣ ብሎ ይነሣል፤ ወይ ደግሞ በተቃራኒው፥ የራሳችን ቃል ከዐረቡና ከዕብራዊው ፈቃድ ካላገኘ በቀር ትርጓሜ የለውም ብሎ ያስባል። የመጀመሪያው ትዕቢት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፥ ትሕትና ቢመስልም፥ ከፊተኛው ይልቅ ተማሪን ይጐዳል ብለን እናምናለን፤ ልጁ በየማለዳው የሚያልባትን ላም «እውነተኛ ትርጓሜዋ ሥጋ ነው» ብሎ እንዲጽፍ ያስተምረዋልና።

ለትምህርት ቤት በሚዘጋጀው መዝገበ ቃላት ስለ «ላም» ሊጻፍ የሚገባውን በአጭሩ እንናገር። መጀመሪያ ላም በእኛ ዘንድ ምን እንደ ሆነች ይነገር፤ የምትታለብ፥ የምትወልድ፥ የበሬ እናት የሆነች ከብት ናት። ቀጥሎ የግእዙ «ላህም» በሬንም እንደሚጨምር ይገለጥ፤ ከጐኑም የትግርኛው «ላሕሚ» በሐመሩ «ሐ» ይቀመጥ፤ በደብዳቤና በጋዜጣ የትኛውም «ሀ» ቢጻፍ ብዙ ባይጐዳም፥ በሥር መዝገብ ላይ ግን ያቺ አንዲት ፊደል ከጠፋች ወደ ባሕር ማዶ የሚያሻግረን ድልድይ ይሰበራል። የዐረብኛው ሥጋና የዕብራይስጡ እንጀራ በመጨረሻ ይምጡ፤ «ብዙ ሊቃውንት ዘመድ ናቸው ይላሉ» ተብሎም ይጻፍባቸው። የዐረብኛው ፊደል፥ የፔሩ እንስሳና የቲቤት መነኵሴ ግን በዚያ ገጽ ላይ ቦታ የላቸውም።